የካሊፎርኒያ የጓሮ መዋኛ፤ ገንዳውና ዙሪያው

የጓሮ መዋኛ የሚባለው በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብና ለእንግዶቹ የሚሠራ ገንዳ ነው፤ ከነዙሪያው። መቀመጫው፣ ጥላው፣ የእንጨት መደቡ፣ ሥጋ መጥበሻው፣ አጥሩና ዛፎቹ ከውሃው ጋር አብረው ይነደፋሉ። ሙያው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በካሊፎርኒያ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ባሉት ዓመታት ነው። ይህ ዳሰሳም በዚያው ላይ ያተኩራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊትስ? በዛሬዋ ፓኪስታን የሚገኘው የሞሄንጆ ዳሮ ገንዳ ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ውሃ እንዳያሰርግ በሬንጅ ተለስኗል። የሮማ ባለጸጎችም በየቪላቸው ገንዳ ነበራቸው። የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ ደግሞ ከዚህ ዝርዝር ሊቀር አይገባውም። ውሃውን ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይስባል፤ ገንዳው ውስጥ በቅስቶች ላይ የቆመ ሕንፃ፣ በዙሪያው የድንጋይ ቅጥር፣ በቅጥሩ ላይ ደግሞ ሥራቸው ግንቡን አቅፎ የያዘ ዛፎች አሉት። በተለምዶ የአፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ሥራ ነው ይባላል፤ ለልጅ ልጃቸው ለአፄ ኢያሱ የሚሰጡትም አሉ። የማንም ይሁን የማን፣ ውሃን፣ ቤትንና ጥላን በአንድ ቅጥር ውስጥ አድርጎ ማሰብ ከካሊፎርኒያ እንዳልተጀመረ ለማወቅ ጎንደር መሄድ ይበቃል።

በካሊፎርኒያ የግል ገንዳ መጀመሪያ የከበርቴ መታያ ነበር። የጋዜጣ ባለቤቱ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት በሳን ሲሚዮን ኮረብታ ላይ ያሠራው «ኔፕቲዩን» የተባለው ገንዳ ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 1.3 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ነዳፊዋ ጁሊያ ሞርጋን በካሊፎርኒያ የሥነ ሕንፃ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሰውየው ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር ገንዳው እየፈረሰ ከ1924 እስከ 1936 ሦስት ጊዜ ተሠርቷል። ባለንብረት ሐሳቡን ሲለዋውጥ ያየ ሳይት ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ለጁሊያ ሞርጋን ማዘኑ አይቀርም።

ገንዳውን ከኮረብታው አውርዶ ወደ ተራው ሰው ጓሮ ያስገባው አንድ መሣሪያ ነው። ካርል ኤክሊ ግንበኛ አልነበረም፤ የሞቱ እንስሳትን ቆዳ እየሞላ ለቤተ መዘክር የሚያዘጋጅ ባለሙያ እንጂ። በ1907 ቺካጎ ውስጥ የሚሠራበት ቤተ መዘክር ግድግዳ እየተፈረካከሰ ሲያስቸግር፣ ደረቅ አሸዋና ሲሚንቶ በአየር ግፊት ገፍቶ ጫፉ ላይ ከውሃ ጋር የሚቀላቅል መርጫ ሠራ። በ1911 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ መሣሪያ «የሲሚንቶ ጠመንጃ» ተባለ፤ የሚረጨው አርማታም «ጋናይት» የሚል የንግድ ስም ወጣለት። በ1940ዎቹ የካሊፎርኒያ ገንዳ ሠሪዎች በእጃቸው ካስገቡት በኋላ ለገንዳ ግድግዳ፣ አርማታው እስኪደርቅ የሚይዝ የቅርጽ ሳንቃ መምታት ቀረ። ሳንቃው ሲቀር ደግሞ ገንዳው አራት ማዕዘን የሚሆንበት ምክንያት አብሮ ቀረ።

አሠራሩ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። መሬቱ በሚፈለገው ቅርጽ ይቆፈራል፤ ፌሮው ልክ እንደ ቅርጫት እየታጠፈ ይታሰራል፤ ከአፈሩ ጋር እንዳይነካካም በትናንሽ የሲሚንቶ ጡቦች ይደገፋል። ከዚያ የመርጫው ተራ ነው። ጎማውን የያዘው ሰው እግሩን አንፈራጦ ይቆምና አፈሙዙን ወደ ግድግዳው ቀጥ አድርጎ በትንሹ እያዞረ ይረጫል። አንዱ እጁ ያለማቋረጥ የውሃውን ቧንቧ ይቆጣጠራል፤ ውሃው ካነሰ ድብልቁ አቧራ ሆኖ ይበተናል፤ ከበዛ ደግሞ ይንሸራተታል። ግድግዳውን መትቶ የሚመለሰው አሸዋ እግሩ ሥር ይከመራል። ያንን እየዛቀ ደረጃና ማዕዘን የሚሞላበት ሠራተኛ ለጊዜው ሥራው ይቀልለት ይሆናል እንጂ ገንዳው አይበረክትም፤ ተመላሹ አሸዋ ሲሚንቶው ስለቀነሰ ጥንካሬ የለውም። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ ራሱ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ደጋግሞ ውሃ ያጠጣዋል። በመጨረሻ በውሃው ልክ ዙሪያውን ሴራሚክ ይለጠፋል፤ ውስጡም ከነጭ ሲሚንቶና ከእምነ በረድ ዱቄት በተዘጋጀ ልስን ይለሰናል። ተዘጋጅቶ የሚመጣ የፕላስቲክና የፋይበር ገንዳም አለ፤ ፈጥኖ ይገጠማል፤ ዋጋውም ሊረክስ ይችላል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ንድፉን በተመለከተ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ቶማስ ቸርች ነው። በ1902 ተወልዶ በካሊፎርኒያ ያደገው ቸርች በበርክሌይና በሃርቫርድ ተምሮ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቢሮ ከፈተ። በሙያ ዘመኑ ወደ 2,000 የሚጠጉ ግቢዎችን እንደነደፈ ይነገርለታል። በስሙ የሚታወቀው ሥራ በሶኖማ ኮረብታ ላይ በ1948 የተጠናቀቀው የዶኔል ግቢ ሲሆን፣ በኋላ ራሱ ዝነኛ ነዳፊ የሆነው ሎውረንስ ሃልፕሪን በቢሮው ሳለ ተሳትፎበታል። ቤተሰቡ ኮረብታው ላይ እየወጣ ምሳውን የመብላት ልማድ ነበረው፤ ስለዚህ መኖሪያ ቤቱ ሳይሠራ ገንዳውና መደቡ ቀድመው ተሠሩ። ቸርች የነደፈው የሚዋኝ ሰው ሳይሆን ተቀምጦ የሚያይ ሰው ከየት ሆኖ ምን እንደሚያይ አስቦ ነው። ከኮረብታው ግርጌ በረግረጉ ውስጥ የጨው ውሃ ቦዮች ይጠማዘዛሉ፤ የገንዳው ጠርዝም እንደ እነሱ ይጠማዘዛል። የእንጨት መደቡ ነባሮቹን የኦክ ዛፎች ላለመቁረጥ በግንዶቻቸው ልክ ተቀዶላቸዋል፤ ምሳ የሚበላው ሰው ከመደቡ ወለል በበቀለ በሚመስል ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ገንዳው መካከል ያለችው ደሴት የቀራፂዋ የአደላይን ኬንት ቅርጻ ቅርጽ ናት፤ ልጆች ይወጡባታል፤ ፀሐይ ይሞቁባታል።

የዶኔል ገንዳ የያዘውን የኩላሊት ቅርጽ መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው የሚለው ያከራክራል። ፊንላንዳዊው የሕንፃ ነዳፊ አልቫር አልቶ በ1939 ባጠናቀቀው ቪላ ማይሪያ ግቢ ተመሳሳይ ገንዳ አለ፤ ቸርችም በ1937 ፊንላንድ ሄዶ አልቶን አግኝቶታል። ሐሳቡ ከዚያ ተወሰደ የሚሉ ጥቂት አይደሉም፤ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን የፊንላንዱ ገንዳ የአንድ ቤት ጌጥ ሆኖ ሲቀር፣ የሶኖማው በመጽሔት ታትሞ በየሰፈሩ ተቀድቷል። እርሾው የማንም ይሁን፣ እንጀራውን የጋገረው ቸርች ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የጓሮው ወርቃማ ዘመን ነው። በፓልም ስፕሪንግስ በረሃ ሪቻርድ ኖይትራ የካውፍማንን ቤት (1946) ከገንዳው ጋር አስተሳስሮ ሠራ። በዓመቱ ደግሞ ስቱዋርት ዊልያምስ ለዘፋኙ ለፍራንክ ሲናትራ የፒያኖ ቅርጽ ያለው ነው የሚባልለትን ገንዳ ነደፈ። ጆሴፍ አይክለር የተባለው ቤት ሠሪ ከ1949 ጀምሮ ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች የሸጣቸው ቤቶች የኋላ ግድግዳቸው መስታወት ስለሆነ፣ ጓሮው የሳሎኑ ቅጥያ ሆነ። በ1976 እና በ1977 ድርቅ ገንዳዎች ባዶ ሲቀሩ ጎረምሶች ባለ መንኮራኩር ሳንቃቸውን (ስኬትቦርድ) ይዘው ገቡባቸው፤ ክብ ወለሉ ለእነሱም ተመቻቸ።

ዛሬ አንድ ነዳፊ መጀመሪያ የሚቆመው ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ነው፤ ልጆች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ ከዚያ መታየት አለባቸው። ቀጥሎ የፀሐይንና የነፋስን አቅጣጫ ያጠናል፤ ቅጠል የሚያራግፍ ዛፍ ነፋስ በሚመጣበት በኩል አይተከልም። ወለሉ ከገንዳው ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ አለዚያ የጓሮው ጭቃ ውሃው ውስጥ ይገባል። ወደ ውሃ መዝለያ ሳንቃና ጥልቅ ጫፍ በመድን ዋጋና በአደጋ ምክንያት እየቀሩ ነው፤ በምትካቸው እግር ነክሮ የሚቀመጡበት ዝቅተኛ መደብ ገብቷል። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ1998 ወዲህ ለሚሠሩ የግል ገንዳዎች የደኅንነት መከላከያ ይጠይቃል፤ መከላከያው አጥር ከሆነ ቁመቱ 1.52 ሜትር ገደማ መድረስ አለበት። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ከሰባት መከላከያዎች ቢያንስ ሁለቱ መሟላት አለባቸው። ፀጉርና እጅ ስቦ የሚይዘውን የወለል ማስወገጃ በሚመለከት በ2007 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ።

ውሃው የራሱ ሒሳብ አለው። 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ፣ በአማካይ 1.4 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ 70,000 ሊትር ይይዛል፤ 70 ቶን ማለት ነው። ፓምፑ ይህን ሁሉ በስምንት ሰዓት አንድ ጊዜ በማጣሪያው እንዲያሳልፍ በሰዓት ወደ 9,000 ሊትር መግፋት አለበት። የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8፣ ክሎሪኑም በሊትር ከ1 ሚሊግራም ሳያንስ መቆየት ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ የግል ገንዳ በጥቂት ግቢዎች ብቻ ይገኛል። በብዛት የሚታወቀው የሆቴል ገንዳ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአዲስ አበባ ሂልተኑ፣ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የመስቀል ቅርጽ ይዞ የተሠራውና በፍል ውሃ የሚሞቀው። ፍል ውሃ የሌለው ሰው ከላይ የተጠቀሰውን ገንዳ በ5 ዲግሪ ብቻ ለማሞቅ ከ400 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ያስፈልገዋል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ይወስደዋል።

ከብርዱ ይልቅ ገንዳ ሠሪን የሚያስቸግረው መረሬ አፈር ነው። በቦሌና በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ግድግዳ ይገፋል። ስለዚህ አፈሩ ተዝቆ ወጥቶ በተመረጠ ድንጋይና ጠጠር ይተካል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ባየው አንድ ግቢ ይህ ሥራ ተዘልሎ ነበር። ባለቤቶቹ ሐምሌ ላይ ለጽዳት ብለው ውሃውን አወጡት። የውሃው ክብደት ሲነሳለት ከሥር የተጠራቀመው የክረምት ውሃ ገንዳውን እንደ ጀልባ አነሳው፤ የአንደኛው ጫፍ ሴራሚክ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ወለሉ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ የሚያስገባ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ብትገጠም ኖሮ ገንዳው ባለበት ይቆይ ነበር።