ስቶሩ ሲዘጋ፦ ተከራዮች በስህተት የሚያምኗቸው ነገሮች

አንድ ቀን ደረጃው ሥር ወረቀት ተለጥፎ ታገኛላችሁ፦ «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የጋራ ስቶሩ ስለሚዘጋ ዕቃችሁን አውጡ»። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ለጎረቤት ከሚሰጠው ምክር ግማሹ ስህተት ነው።

«ቤቱ የአከራዩ ነው፤ ሲያሻው ይከፍታል፣ ሲያሻው ይዘጋል።»

ባለቤትነቱን ማንም አልካደም። ጥያቄው ስትስማሙ ስቶሩ ከቤቱ ጋር አብሮ ተከራይቷል ወይ ነው። አብሮ ከተከራየ በየወሩ የምትከፍሉት ገንዘብ የስቶሩንም ዋጋ ያካትታል፤ ስለዚህ አከራዩ በውሉ ዘመን መካከል ብቻውን ወስኖ ሊያስቀረው አይችልም። ውሉ ራሱ ከፈቀደለት ግን ነገሩ ይለወጣል። «አከራዩ የጋራ ቦታዎችን አጠቃቀም ሊለውጥ ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ፈልጉ፤ ብዙ ሰው የውሉን የመጨረሻ ገጽ የሚያነበው ከተጣላ በኋላ ነው። ውሉ አልቆ ሲታደስ ደግሞ አከራዩ ያለ ስቶር ልስማማ ሊል ይችላል።

«ውሉ ላይ ስላልተጻፈ መብት የለኝም።»

ሰው በከንቱ እጅ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሲከራይ የወጣው ማስታወቂያ «ስቶር ያለው» ይል ነበር? ስትረከቡ ከተሰጧችሁ ሦስት ቁልፎች አንዱ የስቶሩ ነበር? የርክክብ ቅጹ ወይም አከራዩ የላከው የስልክ መልእክት ይጠቅሰዋል? ሁሉም ማስረጃ ነው። በአንጻሩ «ብስክሌትህን ለጊዜው እዚያ አቁመው» ተብሎ በነጻ የተፈቀደ ቦታ ውለታ ነው፤ በቂ ጊዜ ተሰጥቶ ሊነሳ ይችላል። ይህን መስማት ደስ አይልም፤ ግን ከመካሰሳችሁ በፊት ማወቁ ይሻላል።

«ስቶሩን ከዘጋ እኔም ኪራይ አቆማለሁ።»

ንዴቱ ይገባኛል፤ መዘዙ ግን ከስቶሩ ይበልጣል። በጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 536 መሠረት የተከራዩት ነገር ሲጓደል ኪራዩ በጉድለቱ ልክ ይቀንሳል። እዚያም ቢሆን ከልኩ አሳልፎ የቀነሰ ተከራይ ውዝፍ ተቆጥሮበት ቤቱን ሊያጣ ይችላል። በኒው ዮርክ የኪራይ ቁጥጥር ያለባቸው ቤቶች ተከራይ ደግሞ አገልግሎት ተቀነሰብኝ ብሎ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ያመለክታል እንጂ በራሱ እጅ አይቆርጥም። ሕጉን እስክታጣሩ ድረስ ሙሉውን ክፈሉ፣ ቅናሹን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የከፈላችሁትም መብታችሁን ሳትለቁ መሆኑን እዚያው ጻፉ።

«ለእሳት አደጋ መከላከል ከሆነ ምንም ማለት አይቻልም።»

መውጫ መንገድ የዘጋ ዕቃ ወዲያው መነሳት አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የደህንነት ምክንያት ቦታውን መዝጋቱን ያስረዳል እንጂ የጎደለባችሁን ነገር ዋጋ አያስቀርም። ትእዛዙ ከማን እንደመጣ በጽሑፍ ጠይቁ።

«ቀኑ ካለፈ የቀረው ዕቃ የአከራዩ ነው።»

አይደለም። በእንግሊዝ በ1977 የወጣው ሕግ በእጁ የቀረ የሰው ዕቃ ያለው ሰው ከመሸጡ በፊት ለባለዕቃው ማስታወቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ቢሸጠውም የሽያጩን ወጪ ቀንሶ የቀረው ገንዘብ የባለዕቃው ነው። ሌላ አገር ዝርዝሩ ይለያያል፤ ቢሆንም ዕቃችሁ ተጥሎ እንደሆነ ዝም አትበሉ። እናንተም አከራዩ ስቶሩ ላይ ያደረገውን አዲስ ጓጉንቸር አትስበሩ፤ ተበዳይ ሆናችሁ ሳለ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

ቁልፉን ከመመለሳችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ ከደፍ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ፎቶ አንሱ፤ ካርቶኖቹንም ከፍታችሁ ውስጣቸው ይታይ። ቁልፉን የሚረከበው ሰው ቀኑን ጽፎ ይፈርምላችሁ።