የቀይ የደም ሴሎች መያያዝ ምንድን ነው?

ቀይ የደም ሴሎች ላያቸው ላይ ባለው አሉታዊ ቻርጅ የተነሳ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ይህ መገፋፋት ሲሸነፍ ይያያዛሉ። የሚያያዙት ግን በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ምርመራ በሽተኛውን ወደማይሆን ሕክምና ይመራል።

የመጀመሪያው ሩሎ ይባላል። በፕላዝማ (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ፋይብሪኖጅን ወይም ግሎቡሊን የተባሉት ፕሮቲኖች ሲበዙ ሴሎቹ እንደ ሳንቲም ይደረደራሉ፤ ተደርድረውም ቶሎ ስለሚዘቅጡ ኢኤስአር (ቀይ ሴሎቹ የሚዘቅጡበት ፍጥነት ልኬት) ይጨምራል። ቲቢም እርግዝናም ያመጡታል። አጥንቱን የሚያመው፣ ደም ያነሰው አዛውንት ላይ ጎልቶ ከታየ ግን መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የመቅኒ ካንሰር ይጠረጠር። መስታወት ስላይድ ላይ የተቀባው ደም ወፍራም በሆነበት ቦታ ሩሎ በጤነኛም ደም ስለሚታይ፣ ስስ በሆነው በኩል ተመልክቶ መፍረድ ነው። ማጭድ መሳይ ሴሎች መደርደር ስለማይችሉ በሲክል ሴል በሽታ ኢኤስአር ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው አግሉቲኔሽን ነው፤ ፀረ እንግዳ አካላት ሴሎቹን አስረው ቅርጽ የሌለው ጓል ያደርጓቸዋል። ወሎ ውስጥ በተለይ ልብ መባል ያለበት በብርድ የሚነሳው ዓይነት ነው። ከጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ፣ በጥር ውርጭ ማለዳ የተቀዳ ደም ከዋርድ ላብራቶሪ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል። ማሽኑ ጓሉን እንደ አንድ ትልቅ ሴል ስለሚቆጥር የቀይ ሴል ቁጥር ያለቅጥ ይወርዳል፣ ኤምሲቪ (የሴሎቹ አማካይ መጠን) ይጨምራል፣ ኤምሲኤችሲም (በሴሎቹ ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን ክምችት) ከ36 ግራም በዴሲሊትር ይዘላል። ሄሞግሎቢን ግን ሴሎቹ ፈርሰው ስለሚለካ ትክክል ነው። ቱቦውን በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አሙቆ፣ ሳይቀዘቅዝ እንደገና ማስነበብ ይገባል። ቁጥሮቹ ከተስተካከሉ ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የሳምባ ምች ወይም ሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ይፈለግ፤ ጣቱ በብርድ የሚጠቁርና ሽንቱ የጠቆረ ከሆነም ሴሎቹ ሰውነቱ ውስጥ እየፈረሱ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ አድርጎ አንድ ጠብታ ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውኃ) መጨመር ነው። ሩሎ ይበተናል፣ አግሉቲኔሽን አይበተንም። ይህ በተለይ የደም ዓይነት ሲለይ አይታለፍ፤ ሩሎ አግሉቲኔሽን መስሎ የኦ ደም ኤቢ ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

በብርድ የሚያያዝ ደም ያለው ሰው ደም ሲሰጠው ክፍሉም ሰውነቱም ይሙቅ፣ ደሙም በደም ማሞቂያ መሣሪያ ይለፍ። ከረጢቱን ፍል ውኃ ውስጥ መንከር ግን ሴሎቹን ያፈርሳል።