«ክሌም መጨረሻ ላይ ይደርሳል» እና ስለ ኮንትራት አስተዳደር የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶች

በኮንስትራክሽን ዘርፍ ኮንትራት አድሚኒስትሬተር (የውሉን አፈጻጸም የሚከታተለው ባለሙያ) የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ክፍያ ሲዘገይ፣ የውል ጊዜ ሲያልቅ፣ አሠሪው (የሥራው ባለቤት) የመዘግየት ቅጣት መቁረጥ ሲጀምር። ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስቡ ወጣት መሐንዲሶችም ይህንኑ ምስል ይዘው ይመጣሉ። ከታች ያሉት ቁጥሮች የፊዲክ (የዓለም አቀፉ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የግንባታ ውል ቅጽ፣ ማለትም የቀዩ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. የ1999 እትም ናቸው፤ በመንገድና በሌሎች ትልልቅ ሥራዎች ይህ ወይም ከእሱ የተቀዳ ቅጽ ያጋጥማልና። በመንግሥት ግዥ መደበኛ ሰነድ የተፈረመ ውል የራሱ ቁጥሮች አሉት።

«ሥራው የሕግ ባለሙያ ድርሻ ነው»

ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል፤ ከቁጥር 3131 ጀምሮ ደግሞ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል ይደነግጋል። የባለሙያው የቀን ውሎ ግን ቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር)፣ ቴክኦፍ ሺት (የልኬት ስሌት ወረቀት)፣ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ የሥራ ፕሮግራምና ደብዳቤ ነው። የፎርምወርኩ (የኮንክሪት ቅርጽ መያዣው) ካሬ ሜትር ለምን እንደበዛ ከቴክኦፉ አንብቦ ማስረዳት ያልቻለ ሰው፣ አንቀጾቹን ሁሉ በቃሉ ቢወጣቸውም ክሌሙን (የተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ጥያቄውን) ወደ ብር መቀየር አይችልም። በሙያው ውስጥ ከሲቪል ምህንድስናና ከኮተም (ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት) የመጡ የሚበዙትም ለዚህ ነው።

«ክሌም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ተሰብስቦ ይቀርባል»

ሥራ ተቋራጮችን ከሁሉ በላይ ያከሰረ እምነት ይህ ነው ብንል አናጋንንም። ንዑስ አንቀጽ 20.1 እንደሚለው ሥራ ተቋራጩ ክሌም የሚያስነሳውን ሁኔታ ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ለመሐንዲሱ (ውሉን በአሠሪው ስም ለሚያስተዳድረው) ኖቲስ፣ ማለትም የጽሑፍ ማስታወቂያ፣ መስጠት አለበት። 29ኛው ቀን ከገባ የጊዜ ማራዘሚያውም ተጨማሪ ክፍያውም ይቀራል። ዝርዝር ክሌሙ በ42 ቀን ይቀርባል፤ እ.ኤ.አ. በ2017ቱ እትም ይህ ወደ 84 ቀን ከፍ ብሏል፣ የኖቲሱ 28 ቀን ግን አልተነካም።

ስሌቱ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ በካላንደር ነው። ውሉ በፈረንጅ ቀን ይጻፋል፣ የሳይት መዝገቡ በእኛ። ወሰን ማስከበሩ ስላላለቀ የአፈር ሥራ ቡድኑ ነሐሴ 20 ቀን ወደ ቦታው እንዳይገባ ተከለከለ እንበል። ወሩን 30 አድርጎ የሚቆጥር ሰው «መስከረም 20 ሲሆን ወር፣ ሁለት ቀን ሲቀነስ መስከረም 18» ይላል። ጳጉሜን ረሳ። ነሐሴ እስኪያልቅ 10 ቀን፣ ጳጉሜ 5፣ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን መስከረም 13 ነው፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት መስከረም 12። ያውም በአዲስ ዓመት ሰሞን፣ ቢሮው ጭር ባለበት ጊዜ! የ42 ቀኑ ዝርዝር ደግሞ መስከረም 27 (ጳጉሜ 6 ከሆነች 26) ላይ ይወድቃል።

ኖቲሱ ረጅም መሆን የለበትም። በውሉ ቋንቋ ይጻፋል፤ በአማርኛ ቢሆን ይህን ያህል ይበቃዋል፦

«ጉዳዩ፦ በንዑስ አንቀጽ 20.1 መሠረት የክሌም ማስታወቂያ ስለመስጠት። ከኪሎ ሜትር 12+400 እስከ 13+100 ያለው ቦታ ከወሰን ነጻ ባለመደረጉ ቡድናችን ነሐሴ 20 ቀን ወደ ቦታው እንዳይገባ ተከልክሏል። ሁኔታው በንዑስ አንቀጽ 2.1 መሠረት የጊዜ ማራዘሚያና ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያስገኝልን ስለምናምን ይህን ማስታወቂያ ሰጥተናል። ዝርዝሩን በውሉ በተቀመጠው ጊዜ እናቀርባለን።»

የብር መጠን እንዳልተጠቀሰ ልብ ይሏል። «ጉዳቱ ተሰልቶ ይለቅና እንጽፋለን» እያሉ 28ቱን ቀን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው፤ ኖቲስ ግን ስሌት አይጠይቅም። የሚጠይቀው መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፦ በእጅ ከተሰጠ የተቀባዩ ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን ያለበት ቅጂ። በውሉ የኤሌክትሮኒክ መላኪያ ካልተፈቀደ የቴሌግራም መልእክት ኖቲስ አይሆንም። የክስተት መዝገብ በኤክሴል ይያዝ፤ አምስት አምድ ይበቃዋል፦ ክስተቱ የታወቀበት ቀን፣ የ28 ቀኑ መጨረሻ፣ የኖቲሱ ደብዳቤ ቁጥር፣ የ42 ቀኑ መጨረሻ፣ የመሐንዲሱ ምላሽ።

«ኖቲስ መጻፍ ጠብ መፈለግ ነው»

ኖቲሱ በጊዜ የደረሰው አሠሪ ወሰኑን ቶሎ ለማስለቀቅ ወይም ጉዳቱን ለመቀነስ ዕድል ያገኛል። ግንኙነት የሚያሻክረው ከሁለት ዓመት በኋላ ድንገት ጠረጴዛ ላይ የሚወድቀው 400 ገጽ ክሌም ነው።

«ሬዚደንቱ ሳይት ላይ በቃሉ አዞኛል፣ ይበቃል»

ሁለት ነገር ይጣራል። አንደኛ፣ ሬዚደንት መሐንዲሱ (የመሐንዲሱ የሳይት ተወካይ) የማዘዝ ሥልጣን በጽሑፍ ተወክሎለታል ወይ? ሁለተኛ፣ ትእዛዙ በጽሑፍ ተረጋግጧል ወይ? ንዑስ አንቀጽ 3.3 የቃል ትእዛዝን የሚያድንበት መንገድ አለው። ሰኞ «የቦዩን ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ» ከተባለ፣ ሥራ ተቋራጩ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ ረቡዕ፣ «ሰኞ ዕለት ይህን አዛችኋል» ብሎ በጽሑፍ ያረጋግጣል። መሐንዲሱ ደብዳቤው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ማረጋገጫው ራሱ የጽሑፍ ትእዛዝ ይሆናል። «አላዘዝኩም» የሚለው ክርክር ከተነሳ የሚታየው ይህ ወረቀት ነው።

«ክፍያ ከዘገየ ሥራ ማቆም መብት ነው»

መብቱ አለ፤ ማሽን አውጥቶ ሳይቱን መዝጋት ግን መብቱን ያበላሸዋል። የክፍያ ጥያቄው ለመሐንዲሱ በደረሰ በ28 ቀን ሰርተፊኬት ይወጣል፣ በ56 ቀን አሠሪው ይከፍላል። 56ቱ ካለፈ በኋላ በንዑስ አንቀጽ 16.1 መሠረት ቢያንስ የ21 ቀን ኖቲስ ተሰጥቶ ሥራው ይቆማል ወይም ይቀዘቅዛል። ሲደመር፣ አሠሪው አልከፈለም ተብሎ ከ77 ቀን በፊት የሚቆም ሥራ የለም። ያለ ኖቲስ ያቆመ ሥራ ተቋራጭ ተበዳይ ሆኖ ሳለ ውል አፍራሽ ተብሎ ይገኛል። የዘገየ ክፍያ ወለድ ግን በንዑስ አንቀጽ 14.8 መሠረት ኖቲስም ሰርተፊኬትም አይፈልግም። ይህን መብት ሳያውቁ የሚተዉት መብዛታቸው ያስገርማል።

«ዋጋ ስለጨመረ ውሉ ይስተካከላል»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። መልሱ ያለው ከጨረታው ሰነድ ጋር በተያያዘው የዋጋ ማስተካከያ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ከሌለ ንዑስ አንቀጽ 13.8 አይሠራም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1764ም ግዴታው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ እንደማይለወጥ ይናገራል፤ ለአስተዳደር ውሎች ሕጉ ያስቀመጠው ልዩ ድንጋጌ ለብቻው ይታያል።

ሠንጠረዡ ካለም ጭማሪው የሚመጣው ለእያንዳንዱ ግብዓት በተሰጠው ክብደት ልክ ነው። ለምሳሌ የማይለወጥ 0.15፣ ጉልበት 0.20፣ ነዳጅ 0.25፣ ሲሚንቶ 0.20፣ ብረት 0.20 ይሁን። የዋጋ ጠቋሚው ከመነሻው 100 ተነስቶ ጉልበት 110፣ ነዳጅ 120፣ ሲሚንቶ 140፣ ብረት 125 ቢደርስ ድምሩ 0.15 + 0.22 + 0.30 + 0.28 + 0.25 = 1.20 ይሆናል። 10 ሚሊዮን ብር የነበረው ሰርተፊኬት 12 ሚሊዮን ይሆናል። ሲሚንቶ 40 በመቶ ጨመረ ተብሎ 14 ሚሊዮን አይጠየቅም።

«መጠኑ ከ10 በመቶ በላይ ከተለወጠ አዲስ ዋጋ ይሰጣል»

10 በመቶው በንዑስ አንቀጽ 12.3 ካሉት አራት ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ብቻ ነው። የመጠኑ ልዩነት በነጠላ ዋጋው ሲባዛ ከጸደቀው የውል ዋጋ 0.01 በመቶ መብለጥ አለበት፤ ለውጡ የአንዱን ዩኒት ወጪ በቀጥታ ከ1 በመቶ በላይ መቀየር አለበት፤ ሥራውም በውሉ ቋሚ ዋጋ ያለው ተብሎ የተለየ መሆን የለበትም። 20,000 ሜትር ኩብ የተባለ ቁፋሮ 23,000 ቢሆን፣ ያው ኤክስካቫተር ያንኑ አፈር በዚያው ርቀት ካመላለሰ ሦስተኛው ሁኔታ አይሟላም። የአፈር መድፊያው በመሙላቱ ወደ ሩቅ ቦታ ማጓጓዝ ከመጣ ግን ክርክሩ መሠረት ያገኛል። በልማት ባንኮች እትም ደግሞ 10ሩ 25 በመቶ፣ 0.01ዱ 0.25 በመቶ ሆነዋል። ስለዚህ ቁጥር ከመጥቀስ በፊት በእጅ ያለው እትም ይከፈት፣ ከጠቅላላ ሁኔታዎቹም በፊት ልዩ ሁኔታዎቹ ይነበቡ፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚገዙት ልዩዎቹ ናቸው።

«የጊዜ ማራዘሚያ ካገኘሁ ገንዘቡ ይከተላል»

ከተለመደው የከፋ ዝናብ ጊዜ ብቻ ያስገኛል። ያልታሰበ የመሬት ሁኔታ ጊዜና ወጪ ያስገኛል፣ ትርፍ የለውም። የዘገየ ንድፍ ወይም ያልተሰጠ ቦታ ጊዜን፣ ወጪንም ትርፍንም ያስገኛል።

«የሥልጠና ሰርተፊኬት ከያዝኩ ሥራው ይገኛል»

የፊዲክ ሥልጠና ሲቪ ላይ ጥሩ ይመስላል፤ ቀጣሪ የሚፈልገው ግን እጅ ነው። የተለመደው መንገድ ከሳይት ይጀምራል፦ ሁለት ዓመት ያህል ቴክኦፍና የክፍያ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ከዚያ ኦፊስ ኢንጂነር፣ ከዚያ ኮንትራት ኢንጂነር፣ ቀጥሎ የክሌም ባለሙያ። የካበተ ልምድ ያላቸው በግልግል ዳኝነት ይሠራሉ፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 መነበብ ያለበት ለእነሱ ብቻ አይደለም። በየደረጃው ፕሪማቬራ ወይም ኤምኤስ ፕሮጀክት (የሥራ ፕሮግራም ማውጫ ሶፍትዌሮች) ያስፈልጋል፤ መዘግየቱ ወሳኙን መንገድ (የፕሮጀክቱን ማጠናቀቂያ ቀን የሚወስኑትን ተከታታይ ሥራዎች) መንካቱን በፕሮግራም ማሳየት ያልቻለ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ውድቅ ይሆናል። ቅጥሩ ብዙ ጊዜ ከፕሮጀክቱ ጋር ስለሚያልቅም ደመወዝ ሲደራደሩ በሁለት ፕሮጀክቶች መሃል ያለ ሥራ የሚቀመጡባቸውን ወራት ማሰብ ነው።

ለቃለ መጠይቅ ስምና ቁጥር የተሰረዘበት አንድ ኖቲስ፣ አንድ የጊዜ ማራዘሚያ ትንተናና አንድ የክፍያ ሰርተፊኬት ይዞ መሄድ ከሥልጠና ሰርተፊኬት ይበልጣል። ጠያቂው አንድ ክስተትና ቀን ሰጥቶ «የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» ቢል፣ አስቀድሞ መመለስ ያለበት «ውሉ የትኛው እትም ነው?» የሚለው ነው።