ባስልኤል ዳግመኛ ያላየው ሥራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ያሉትን የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ፎቶ የምናነሣ ምእመናን ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን ብዙ እንነጋገራለን፤ ስለ ሥራው ስለ ራሱ ግን፣ ማለትም ለማንና ለምን እንደምንሠራ፣ እምብዛም አንነጋገርም። ለዚህ ጥያቄ ከቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ፣ በሙሴ ዘመን የመገናኛውን ድንኳንና ታቦቱን ከሠራው ከባስልኤል የተሻለ መምህር አላገኘሁም።

እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በጥበብ፣ በማስተዋልና በእውቀት መንፈሱን እንደ ሞላበት ለሙሴ ነግሮታል (ዘጸ. 31፥2-5)። ያ መንፈስ ለትንቢት ወይም ለጦርነት ሳይሆን ወርቅ ለመቀጥቀጥ፣ ዕንቍ ለመቅረጽና እንጨት ለመጥረብ የተሰጠ መሆኑን ልብ በሉ። ባስልኤልም ታቦቱን ከግራር እንጨት ሠራው፤ ውስጡንም ውጭውንም በጥሩ ወርቅ ለበጠው፤ ኪሩቤልንም ከስርየት መክደኛው ጋር አንድ አድርጎ ሠራቸው (ዘጸ. 37፥1-9)። ከድሬዳዋ ወጣ ስንል በየሜዳው የምናየው እሾሃማ ዛፍም ግራር ነውና፣ እንጨቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ ሙሴ አየው፤ እግዚአብሔር እንዳዘዘ መሠራቱንም ተመልክቶ ሠራተኞቹን ባረካቸው (ዘጸ. 39፥43)። ከዚያም ድንኳኑ ተተከለ፤ ታቦቱ ገባ፤ መጋረጃውም ተጋረደ። ከዚያ ወዲያ ከመጋረጃው ውስጥ የሚገባው ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነው፤ እርሱም በዓመት አንድ ጊዜ (ዘሌ. 16፥34)። ባስልኤል ከይሁዳ ነገድ እንጂ ከካህናት ወገን አልነበረም። ሕዝቡ ከሰፈሩ ሲነሣ እንኳ የአሮን ልጆች አስቀድመው ታቦቱን ይሸፍኑታል፤ የሚሸከሙት የቀዓት ልጆች ለቅጽበት እንዳያዩት በሞት ቅጣት ታዝዟል (ዘኁ. 4፥5-20)። እንግዲህ ሕጉ ከተጠበቀ ባስልኤል በገዛ እጁ የሠራውን ያን ወርቅ ዳግመኛ አላየውም። የተረፈለት የሙሴ ምርቃት ነው።

የእኛ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ይህንኑ ሥርዓት በእንጨትና በጭቃ ይዘውታል። በሐረርጌ ደጋ ያሉት ብዙዎቹ ዳግማዊ ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ የተተከሉ ስለሆኑ ከላሊበላና ከጣና ገዳማት ጋር በዕድሜ አይወዳደሩም፤ እኔ ግን የማደላው ለእነርሱ ነው። ከክቦቹ ወደ አንዱ ብትገቡ በመጀመሪያ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቀጥሎ ቅድስቱን፣ በመካከልም አራት ማዕዘኑን መቅደስ ታገኛላችሁ። ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ በር የሚገባው ብርሃን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ በሸራ ተሥሎ በጭቃው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ይገለጣል፤ ጠርዙ የተላቀቀበት ቦታ ላይ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይታያል። በአንዳንዱ ዘንድ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ከጉልበቱ በታች የለም፤ ምእመናን እየተሳለሙ ቀለሙን ጨርሰውታል። ከሰው አፍ በላይ ያለው፣ ልጓሙና ጦሩ፣ ገና ትናንት የተሣለ ይመስላል። ፎቶ አንሺ ይህን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ከፍሬሙ ሊያስወጣው ይፈልጋል። በእኔ አስተያየት ግን የሥዕሉ እውነተኛ ፎቶ ያ የጠፋው እግር ነው፤ ሠዓሊው የሣለው ምእመናን እንዲሳለሙት ነበርና።

ከሥዕሉ አልፋችሁ ወደ ውስጥ ብትመለከቱ ሌንሱ መጋረጃው ላይ ይቆማል። ሦስቱ ክፍሎች፣ በሮቹ፣ ሥዕሎቹ፣ ጉልላቱም የተሠሩት ካሜራ ለማይደርስበት ለዚያ ስፍራ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው የተነሣው ሁሉ በዚያው ምሽት ቴሌግራም ላይ በሚለጠፍበት፣ ያየው ሰው ብዛትም ከሥሩ በሚቆጠርበት ዘመን ነው፤ ስለዚህ ሰው ያላየው ሥራ ያልተሠራ ሥራ ይመስለናል።

አንድ ሰው «ታዲያ ሥራዬን ልደብቅ ነው ወይ?» ሊል ይችላል። ጌታችን መብራት ከዕንቅብ በታች አይቀመጥም ብሎ አስተምሯል፤ በዚያው በተራራው ስብከት ደግሞ ምጽዋታችሁ ለሰው ታይታ አይሁን ብሏል (ማቴ. 5፥15፤ 6፥1-4)። ባስልኤል ሁለቱንም ፈጽሟል፤ ሕዝቡ ሁሉ የሚያየውን የአደባባዩን የናስ መሠዊያም የሠራ እርሱ ነውና። ለመታጠቢያው ሰን ናሱ የተገኘው በድንኳኑ ደጅ ካገለገሉት ሴቶች መስተዋቶች ነበር (ዘጸ. 38፥8)፤ ራሳቸውን የሚያዩበትን ዕቃ ሰጥተው ካህናት የሚታጠቡበት ሆነ፤ ይህን ቃል በየበዓሉ ታቦት ሲወጣ ጀርባውን ለታቦቱ ሰጥቶ ራሱን ፎቶ የሚያነሣ ወጣት ቢያነበው ደስ ይለኛል። ዋናው ነገር ግን አንዱ ሰው በአንዱ መንፈስ ለሚታየውም ለማይታየውም እኩል መጠንቀቁ ነው።

የሚታየውም ቢሆን ብዙ አይቆይም። በ1875 ዓ.ም. በሐረር በንግድ ሥራ ላይ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ከተወ በኋላ፣ ካሜራ አስመጥቶ ፎቶ ያነሣ ነበር፤ ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለ ነበረ ፎቶዎቹ እንደ ነጡበትም ለቤተሰቡ ጽፏል።

ስለዚህ ወደ ገጠር ደብር ስትሄዱ አስቀድማችሁ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፤ በረከትም ተቀበሉ። ጫማችሁን አውልቁ፤ በቅዳሴ ጊዜ ካሜራችሁ በቦርሳው ይቈይ። መጋረጃው ተከፍቶ ብታገኙት እንኳ ወደ ውስጥ አታነጣጥሩ። ካነሣችሁት መካከል ለማንም የማታሳዩት፣ ነገር ግን ለሌላው የሰጣችሁትን ትጋት ሁሉ የሰጣችሁት ሥራ ይኑራችሁ። የግድግዳውን ሥዕል በየክፍሉ፣ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንዳለ እየመዘገባችሁ አንሡና አሳትማችሁ ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ አስረክቡ፤ የጭቃዎቹ አብያተ ክርስቲያናት እየፈረሱ በሲሚንቶ ስለሚተኩ፣ አዲሱን ሕንፃ የሚሥለው ሠዓሊ የቀድሞውን ቅደም ተከተል የሚያገኘው ከዚያ ነው። በጀርባው ላይ የደብሩን ስምና ያነሣችሁበትን ዓመት ጻፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።