«ኤይድ ኤንድ አተንዳንስ» ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አንድ አረጋዊ ያለ ሰው እርዳታ መታጠብና መልበስ ሲያቅተው፣ ቤተሰቡ ፈጥኖ የሚገነዘበው ነገር ሜዲኬር (መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን ያዘጋጀው የጤና መድን) የሐኪምና የሆስፒታል ወጪን እንጂ የረጅም ጊዜ የዕለት ተዕለት ክብካቤን እንደማይከፍል ነው። ሜዲኬይድ (ለድሆች የተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን) ይከፍላል፤ የሚከፍለው ግን የሰውየው ጥሪት ሊሟጠጥ ከተቃረበ በኋላ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ላገለገሉ የቀድሞ ወታደሮችና እነርሱ ሲሞቱ ለሚተርፉ የትዳር ጓደኞቻቸው የተመደበ ክፍያ አለ። «ኤይድ ኤንድ አተንዳንስ» ይባላል፤ በአማርኛ «የረዳትና የአስታማሚ ጭማሪ» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

ጭማሪ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ራሱን የቻለ ጡረታ ሳይሆን፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (በተለምዶ ቪኤ የሚባለው) ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚከፍለው ፔንሽን ከፍተኛ እርከን ነው። ይህ ፔንሽን በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ጉዳት ከሚከፈለው ካሳ የተለየ ነው፤ ለፔንሽኑ ሕመሙ ከውትድርናው ጋር መያያዝ የለበትም፣ እርጅና ያመጣው ቢሆንም ይበቃል። ሁለቱን ደርቦ መቀበል ግን አይቻልም፤ የሚሻለው አንዱ ይከፈላል። አሁን የሚሠራበት ሥርዓት የወጣው በ1978 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 1979 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ እርከን ዓመታዊ ጣሪያ ያስቀምጣል፤ መንግሥትም በአመልካቹ ገቢና በጣሪያው መካከል ያለውን ጉድለት ይሞላል። ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በሠራው ተመን፣ ጥገኛ የሌለው የቀድሞ ወታደር መነሻ ጣሪያው 16,965 ዶላር፣ ከቤት ለመውጣት የማይችል ከሆነ 20,732፣ ረዳት የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ 28,300 ዶላር ነበር። ከትዳር ጓደኛው ጋር ለሚኖር በረዳት እርከን ያለው ጣሪያ 33,548፣ ባሏ ለሞተባት ወይም ሚስቱ ለሞተችበት 18,187 ነበር። ተመኑ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ከፍ ይላል፤ ገንዘቡም ግብር አይቆረጥበትም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። «ገቢዬ ከጣሪያው ያልፋል» ብሎ ወረቀቱን ሳይሞላ ይተወዋል። ነገር ግን ሕጉ የሚመለከተው ገቢን እንዳለ ሳይሆን፣ ከራስ ኪስ የወጣና ማንም ያልተካው የሕክምናና የክብካቤ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ነው። ለምሳሌ ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሌላ ጡረታ በዓመት 20,000 ዶላር የምታገኝ ባልቴት እንውሰድ። ከ18,187 ስለሚበልጥ ሲታይ ምንም የሚገባት አይመስልም። ይሁንና ቤቷ እየመጣች ለምትረዳት ሠራተኛ በዓመት 15,000 ዶላር ትከፍላለች። ከዚህ ወጪ ላይ የመነሻው ጣሪያ (ለእርሷ 11,380 ዶላር) አምስት በመቶ፣ ማለትም 569 ዶላር፣ ሳይታሰብ ይቀራል፤ የቀረው 14,431 ዶላር ከገቢዋ ይቀነሳል። የሚታሰብባት ገቢ 5,569 ይሆናል፤ ይህ ከ18,187 ሲቀነስ 12,618 ዶላር፣ በወር ከ1,050 ዶላር በላይ ይደርሳታል። ስለዚህ ክብካቤው በተወደደ ቁጥር የሚገባው ገንዘብ ወደ ጣሪያው ይጠጋል፤ በአሲስትድ ሊቪንግ (ለዕለት ተዕለት ኑሮ እርዳታ በሚሰጥ የአረጋውያን መኖሪያ) የሚኖሩ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ሰዎችም ሙሉውን የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ለሚያስታምም ልጅ የሚከፈል ገንዘብም በእውነት የሚከፈልና ማስረጃ ያለው ከሆነ በወጪነት ሊያዝ ይችላል።

ረዳት ያስፈልገዋል የሚባለው ማን ነው? ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመመገብ ወይም ለመጸዳዳት የሌላ ሰው እጅ የሚያሻው፣ በሕመም ምክንያት አልጋ ላይ የዋለ፣ በአካል ወይም በአእምሮ መድከም ምክንያት ነርሲንግ ሆም (ነርሶች ያሉበት የማስታመሚያ ተቋም) የገባ፣ ወይም የዓይን ብርሃኑ እጅግ የደከመ ነው። ይህንን ሐኪሙ 21-2680 በተባለው ቅጽ ላይ ይመሰክራል። «በሽተኛው የመርሳት ችግር አለበት» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ብቻውን ቢተው ምን እንደሚደርስበት፣ የትኛውን ሥራ ማን እንደሚሠራለት በዝርዝር መጻፍ አለበት።

የአገልግሎቱ መስፈርት ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳቱበት ነው። ወታደሩ ቢያንስ 90 ቀን በመደበኛ አገልግሎት ላይ ቆይቶ፣ ከዚያም ቢያንስ አንዱ ቀን ሕጉ «የጦርነት ዘመን» ብሎ በወሰነው ጊዜ ውስጥ መዋል አለበት፤ ስንብቱም በውርደት የሆነ መሆን የለበትም። ከሴፕቴምበር 7 ቀን 1980 በኋላ ለገቡት በአብዛኛው 24 ወር ይጠየቃል። የኮሪያው ዘመን ከጁን 27 ቀን 1950 እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 1955፣ የቬትናሙ በጥቅሉ ከኦገስት 5 ቀን 1964 እስከ ሜይ 7 ቀን 1975 ነው፤ በኦገስት 2 ቀን 1990 የተጀመረው የባሕረ ሰላጤው ዘመን በሕግ ገና አልተዘጋም። ጥይት መተኮስ አይጠየቅም። በ1968 አስመራ በነበረው ቃኘው ስቴሽን ተቀምጦ የሬዲዮ መልእክት ሲያዳምጥ የኖረ አሜሪካዊ ወታደር፣ ቬትናምን በዓይኑ ባያያትም የጦርነት ዘመን አገልጋይ ነው፤ በዚያ ዘመን እዚያው አግብቷት አሜሪካ ይዟት የሄደች ሚስቱም ዛሬ ባልቴት ከሆነች የምታመለክትበት መብት አላት።

በአንጻሩ ከዚያ ጣቢያ ጋር ስም የሚጋሩት፣ ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር አብረው የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ለዚህ ፔንሽን አይበቁም፤ ያገለገሉት በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ ነውና። ልጆቻቸው አሜሪካ ካሉ ይህን አውቀው ጊዜ ባያባክኑ መልካም ነው፤ የዘመቻው ክብር ከገንዘቡ ጋር አይለካም። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ከ1990 ወዲህ ያገለገሉ የእኛ ልጆች ግን ሲያረጁ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

በሕይወት ላለው ወታደርና ለተረፈው የትዳር ጓደኛ ሕጉ እኩል አይደለም። ወታደሩ 65 ዓመት የሞላው ወይም ለዘለቄታው መሥራት የማይችል መሆን አለበት፤ ለተረፈው የትዳር ጓደኛ የዕድሜ ገደብ የለም፤ ሟቹም በአገልግሎቱ ምክንያት መሞቱ አይጠየቅም። እንደገና ማግባት ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መብቱን ይዘጋዋል። ወታደሩ ጤነኛ ሆኖ ሚስቱ ብትታመም ክፍያው በረዳት እርከን አይታሰብም፤ ለእርሷ የሚያወጣው ወጪ ግን ከገቢው ይቀነስለታል።

ከገቢ በተጨማሪ ሀብትም ይመዘናል። በዚያው ዓመት ሀብትና ዓመታዊ ገቢ ተደምረው ከ159,240 ዶላር መብለጥ አልነበረባቸውም፤ የሚኖሩበት ቤትና መኪና አይቆጠሩም። ከኦክቶበር 18 ቀን 2018 ወዲህ ቪኤ ካመለከቱበት ቀን በፊት ያሉትን 36 ወራት ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ከዚህ የሀብት ገደብ ያሳልፍ የነበረ ሀብት ለልጅ ተሰጥቶ ወይም ከዋጋው በታች ተሽጦ ከተገኘ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ የክፍያ እገዳ ይከተላል። «ገንዘቡን እናሽሽልዎ» እያሉ የኢንሹራንስ ውል ከሚሸጡ ደላሎች መራቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ መጠየቅ በሕግ አይፈቀድም፤ ፈቃድ ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች በነጻ ይሠሩታል። ሜዲኬይድ የሚከፍልለት ነርሲንግ ሆም የገባና ጥገኛ የሌለው ሰው ደግሞ ፔንሽኑ በወር ወደ 90 ዶላር እንደሚወርድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ለማመልከት የስንብት ወረቀቱ (ዲዲ-214)፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሐኪሙ ቅጽና የክብካቤ ደረሰኞች ያስፈልጋሉ። ወረቀቱ እስኪሟላ «ለማመልከት አስቤያለሁ» የሚል አጭር ማሳወቂያ ማስገባት ክፍያው የሚታሰብበትን መነሻ ቀን ለአንድ ዓመት ያስከብራል። ባል ከሞተ በአንድ ዓመት ውስጥ የቀረበ የባልቴት ማመልከቻ ክፍያው ከሞተበት ወር መጀመሪያ ይታሰባል። አመልካቹ ራሱ ውሳኔ ሳይደርሰው ቢሞት፣ የትዳር ጓደኛው በአንድ ዓመት ውስጥ በእርሱ እግር ተተክታ ጉዳዩን እንድትቀጥል መጠየቅ ትችላለች።