የተማሪዎች የራስ ቅማል በሰሜን ሸዋ፦ ፍተሻውና ሕክምናው

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ ቅማል መልቀም የፀሐይ ሥራ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብርዱ ሰበር ሲል እናት ደጃፍ ትቀመጣለች፤ ልጅ ጭኗ ላይ ራሷን ታስደግፋለች። የተገኘው ቅማል በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሃል ይፈነዳል። ጠሽ የምትለዋ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

በዚህ መንገድ ትልልቁ ይለቀማል፣ ቅጫሙ ግን ይቀራል። ሴቷ ቅማል በቀን እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች፤ በተለይ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ ፀጉሩ ሥር አጥብቃ ትለጥፈዋለች። ፎረፎር ሲነኩት ይራገፋል፣ ቅጫም ንቅንቅ አይልም። ከ7 እስከ 9 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ለዚህ ነው አንዴ ለቅሞ መተው የማያዋጣው።

ሹሩባ ካለ ይፈታ። ፀጉሩን አርጥቦ ኮንዲሽነር መቀባት፣ ከዚያ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ሚዶ ከሥር እስከ ጫፍ ማበጠር፣ ሚዶውንም በየጊዜው ነጭ ጨርቅ ላይ እየጠረጉ ማየት ነው። በየ3 ቀኑ ለ2 ሳምንት ከተሠራ ያለ መድኃኒትም ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒት ከተፈለገ 1 በመቶ ፐርሜትሪን ታጥቦ እርጥበቱ በተጠረገ ፀጉር ላይ ይቀባል፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ በውሃ ይለቀለቃል፣ በ9ኛው ቀን ይደገማል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ሁለተኛውን ዙር ነው። በአንድ ብርድ ልብስ የሚተኙት ሁሉ አብረው ይታዩ።

ነጭ ጋዝ ግን በፍጹም! እሳት በሚነድበት ቤት ጋዝ የተቀባ ራስ ምን እንደሚሆን አስቡት። የተባይ መርዝም እንደዚያው፣ በቆዳ ይገባል።

ተስቦንና ግርሻ ትኩሳትን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው፤ እሱ የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። የራስ ቅማል ያሳክካል፣ ሲታከክም ይቆስላል። የንጹሕ ልጅ ፀጉር ላይም ይወጣል። አይዘልም፣ አይበርም፤ ራስ ከራስ ሲነካካ ይሻገራል።

እኔ በተማርኩበት ጊዜ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍርና ፀጉር ይታይ ነበር። አንዲት ልጅ ቅማል ተገኘብሽ ተብላ ከሰልፉ ወጥታ ሁላችን ፊት ቆመች። ሳምንት ቀረች። ስትመለስ ተላጭታ፣ ሻሽ አስራ ነበር። እንዲህ መሆን የለበትም። ልጅ ለብቻው ክፍል ውስጥ ይታይ፣ ለወላጅ በጓዳ ይነገር፣ ትምህርቱን ይቀጥል። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ስለሚቀመጡ ደግሞ፣ የግራና የቀኝ ጓደኞቹም ራስ በዚያው ሳምንት ይታይ።