የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ አትተወውም

ድንቢጦች በቆርቆሮ ጣሪያና በግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት፣ ባዮሎጂ የማስተምራቸው ልጆችም ሆኑ ወላጆቻቸው ያንኑ ነገር ይደጋግሙልኛል፦ «ጫጩቷ ከጎጆዋ ወድቃ አገኘናት፤ ነገር ግን የሰው እጅ ከነካት እናቷ ስለማትቀበላት ሳንነካት ተውናት።» በዚህ አባባል ምክንያት ሊተርፉ ሲችሉ የሚሞቱት ጫጩቶች ያሳዝኑኛል።

አብዛኞቹ ወፎች ልጆቻቸውን የሚያገኙት በጎጆው ቦታና በጫጩቶቹ ድምፅ እንጂ በጠረን አይደለም። የወፍ ተመራማሪዎች ጫጩቶችን ከጎጆ አውጥተው ይመዝናሉ፤ እግራቸው ላይም ቁጥር ያለው የብረት ቀለበት አድርገው ይመልሷቸዋል። ወላጆቹ በእጅ የተነካን ጫጩት የሚጥሉ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ባልዘለቀ ነበር። ወፍ ጎጆዋን ጥላ የምትሄደው በተለይ ጎጆ ስትሠራና እንቁላል ስትታቀፍ ሰው እየተመላለሰ ሲረብሻት ነው፤ ሰዎች ግን ጥፋቱን በመመላለሳቸው ፈንታ በእጃቸው ጠረን ያሳብባሉ። አንድ ተማሪዬ ላባ ያላበቀለች ጫጩት በሶፍት ጠቅልሎ ባመጣልኝ ጊዜ ወደ ቤታቸው ሄደን በመሰላል መለስናት፤ ራቅ ብለን ስንጠብቅም እናቷ ትል በአፏ ይዛ ገባች።

ላባ አውጥታ መሬት ላይ የምትዘልለው ግን አብዛኛውን ጊዜ መብረር በመለማመድ ላይ ያለች ናት። ድመት ካሰጋት አጠገብ ካለ ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

ወተት መስጠትም ስህተት ነው፤ ወፍ ወተት መፍጨት አትችልም። ውኃም በአፏ አይንጠብጠብባት፤ የአየር ቧንቧዋ ከምላሷ ሥር ስለሚከፈት በቀላሉ ትታፈናለች።

«ቀዳዳውን ብንደፍነው ወፏ ሌላ ቦታ ትሄዳለች» የሚሉ ሰዎችም ውስጥ ያሉትን ጫጩቶች ይዘነጓቸዋል። ጫጩቶቹ እዚያው ይሞታሉ፤ ቤቱም ይሸታል። ድንቢጥ እንቁላሏን ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹም በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ ለመብረር ይደርሳሉ። ስለዚህ አንድ ወር ያህል ታግሶ፣ ሌላ እንቁላል አለመጣሉን አረጋግጦ፣ አሮጌውን ጎጆ ማንሳትና ክፍተቱን ቀዳዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት መዝጋት ይገባል። የደረቀ ኩስ ብናኙ ሳንባን ሊያሳምም ስለሚችል፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ኩሱን በውኃ አርጥቦ እንጂ በደረቁ መጥረግ አይገባም።